የአናጢው ተካ ልጅ

ታዲዎስ ተካ ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ሲገባ ሃያ ዓመቱ ነበር። ለገሃር ወርዶ፣ ሥራ አለ ወደተባለበት ካዛንቺስ በእግሩ አቀና። እዚያ እትዬ ጀማነሽ የሚባሉ ሴት ትንሽ የቆሎ ቤት ነበራቸው፤ ገብስና ሽምብራ እየቆሉ ለየመሥሪያ ቤቱ ይሸጣሉ። ችግሩ፣ የደብረ ሲና ልጅ ያልሆነ ሰው አይቀጥሩም።

«አገርህ የት ነው?»

«ደብረ ሲና፣» አለ ታዲዎስ። ከተማዋን የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ያውም ጉም ለብሳ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የተካ።»

ይሄ እንኳ እውነት ነው። አባቱ ተካ ይባሉ ነበር፤ ገና በልጅነቱ ነው የሞቱበት። እትዬ ጀማነሽ ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ «የአናጢው ተካ?» አሉ።

«አዎ።»

«አናጢው ተካ እኮ ልጅ የለውም።»

«እኔ ያደግሁት... ማለቴ፣ እናቴ ጋ ነው።»

እትዬ ጀማነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ለካ የደብረ ሲና ሰው ለዚያ አናጢ ልጅ እንዲሰጠው ስንት ዓመት ስለት ሲሳልለት ኖሯል። በሳምንቱ የአገር ልጆች ማኅበር ሲሰበሰብ ታዲዎስን መሐል አቆሙት። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሽማግሌም ቀርበው አዩትና «አፍንጫው ቁርጥ የተካ ነው» ብለው መሰከሩ።

ከዚያ ወዲያ በር አልተዘጋበትም። ስታዲየም አካባቢ ሆቴል የሚያስተዳድር የአገር ልጅ ቆሎ ከእሱ ብቻ መግዛት ጀመረ። ደምበል አጠገብ ቢሮ ያላት የማኅበሩ አባል ሰብሊ የንግድ ፈቃዱን አስጨረሰችለት። እትዬ ጀማነሽም ጉልበታቸው ሲደክም ቤቱን ለሱ ለቀቁለት። ታዲዎስም ሰነፍ አልነበረም። ሰፈሩ ሲፈርስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሰፊ ቦታ ተከራየ፤ ዛሬ አሥራ ስምንት ሠራተኞች አሉት፣ ቆሎውም ታሽጎ ሱፐርማርኬት ይገባል።

ባለፈው ታኅሣሥ ሰብሊ ደወለችለት።

«ታዴ፣ አባትህ ለዓይን ሕክምና መጥተዋል። ማኅበሩ ጋ ነን፣ ሁላችንም እየጠበቅንህ ነው።»

መጀመሪያ ስልኩን ሊያጠፋ አሰበ። ቀጥሎ ድሬዳዋ ስለመሄድ አሰበ። በመጨረሻ ሸሚዝ ቀይሮ ሄደ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሽ ተካ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ታዲዎስን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ከሳህ፣» አሉት፤ አቅፈውም ሳሙት። ግማሹ ሰው አለቀሰ።

ታዲዎስ መኪናው ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ተናገረ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። ወሬው ደብረ ሲና የደረሰ ዕለት ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ምን ልበል? አሜን አልኩ። ከዚያማ ሆቴሎቹ ሁሉ የሚገዙት ከልጄ ነው እያልኩ ስኮራ ኖርኩ።» ከዚያም «ባለቤቴ ተናኘወርቅ ብቻ፣ ከማን ወለድክ ብላ ሁለት ዓመት አኮረፈችኝ» አሉ።

«ለባለቤትዎ እውነቱን አልነገሯቸውም?»

«ብነግራት ልጄን ላጣ አይደል? ለመሆኑ አገርህ የት ነው?»

«ሸዋ ሮቢት።»

ጋሽ ተካ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እሱን ለማንም እንዳትናገር።»

ታዲዎስ ግን ባይሆን ለእትዬ ተናኘወርቅ ሳይናገር አላስቻለውም። እሱ ቤት ያረፉትን ባላቸውን ሊጠይቁ ከደብረ ሲና ሲመጡ ቁጭ አድርጎ ሁሉንም ዘረዘረላቸው። እሳቸው አንዴ ባላቸውን፣ አንዴ እሱን አዩ።

«ከሌላ ሴት አይደለህማ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው የእኔም ልጅ ነህ፣» አሉና ከፊታቸው ከቀረበው ቆሎ አንድ ጭብጥ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። አኝከው አኝከው «ገብሱ አልበሰለም» አሉ።

በማግሥቱ ማለዳ መቁያው አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ። እስከ ዛሬም አልተነሡም፤ ሠራተኞቹ ከታዲዎስ ይልቅ እሳቸውን ይፈራሉ።