ጥቁሩ ውሃ እስኪጠራ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። በፈረንጆቹ ዘጠና ሦስት ይሁን ዘጠና አራት፣ ብቻ እኔ ጀርመን ነበርኩ፣ ባለቤቴና ልጄ ገና አገር ቤት ነበሩ። ብርዱን ግን አስታውሰዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሰፈሬ ከሽቫንሃይም ወደ ከተማ የሚሄደውን ትራም ስጠብቅ ጢሜ ላይ በረዶ ይይዝ ነበር።

የምኖረው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነበር። ሁለት ክፍል። ሁለት ክፍል ያስፈለገኝ ለራሴ አልነበረም፣ ለወረቀቱ ነው። ቤተሰብ ለማምጣት የቤቱን ስፋት የሚመሰክር፣ አከራይ የፈረመበት ወረቀት ይጠየቃል። አከራያችን ሌላ ከተማ የምትኖር ሴትዮ ነበረች። በስልክ «ሃውስማይስተሩ ቤቱን አይቶ ደህና ነው ካለኝ ሰኞ እፈርምልሃለሁ» አለችኝ። ሃውስማይስተር የሚሉት የሕንፃው ጠባቂም ጠጋኝም የሆነውን ሰው ነው። ከሚስቱ ጋር ምድር ቤት ይኖር ነበር። እንግዲህ የባለቤቴና የልጄ መምጣት በዚያ ሰውዬ አንደበት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ሰውዬው አይወደኝም። ሰላም ስለው አይመልስም። ወጥ በሠራሁ ቀን የደረጃውን መስኮት ወለል አድርጎ ከፍቶ ይሄዳል። እኔም ባየሁት ቁጥር ግድግዳ ተጠግቼ መንገድ እለቅለት ነበር።

በዚያ ሳምንት ሃይዙንጎቼ፣ ግድግዳ ላይ ያሉት የብረት ማሞቂያዎች፣ ቀዘቀዙ። ከታች ለብ ይላሉ፣ ከላይ በረዶ ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ይንጎራጎራል። ለሃውስማይስተሩ መንገር ነበረብኝ። ግን ቤቱን ሊያይ ሁለት ቀን ሲቀረው «አቤቱታ የሚያበዛ ሰው» እንዳይለኝ ፈራሁ። ኢነንሽታት፣ መሀል ከተማው ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ሱቅ አብሮኝ የሚያጸዳ ቱርካዊ ነበር፤ ነገሩን አጫወትኩት። «አየር ገብቶበት ነው። ትንሽ ቁልፍ አለች፣ ግዛና በጎኑ ያለችውን ብሎን ፈታ አድርጋት። አየሩ ይውጣ፣ ውሃ ሲመጣ ዝጋ» አለኝ።

ይህን ያህልማ ለእኔ ይነገረኛል ወይ ብዬ ነበር በልቤ። አዲስ አበባ፣ በወጣትነቴ፣ ስምንት ዓመት የሰፈር ቦኖ ላይ ውሃ ቀድቼ ሸጫለሁ። ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ቧንቧ ግን አውቃለሁ። ውሃ ሦስት አራት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ ያፏጫል። ቀጥሎ ያስለዋል። ከዚያ ዝገት ይተፋል። ያን ጊዜ የቸኮለ ቀጂ «ውሃ መጣ» ብሎ የሰው እንስራ ይደቅናል። እኔ ግን ድፍርሱን አፍስሼ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። የሰፈሩ ሴቶች «እሱ ካለ ውሃው ንጹሕ ነው» ይሉ ነበር። በሕይወቴ የተመሰገንኩበት ሥራ እሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፏን ገዝቼ መጣሁና ጀመርኩ። ሃይዙንጉ አፏጨ። አሳለው። የማውቀው ድምፅ ስለሆነ ደስ አለኝ። ከዚያ እንደ ቀለም የጠቆረ፣ ዝገት ዝገት የሚሸት ነገር መንጠባጠብ ጀመረ፤ ቆይቶም እንደ እርሳስ ቀጥኖ ይወርድ ገባ። ይህ ውሃ አይደለም፣ ድፍርሱ ነው አልኩ። ሳፋ ደቅኜ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ሳፋው ሲሞላ ባልዲ ውስጥ እገለብጠዋለሁ፣ መልሼ እደቅናለሁ። አይጠራም። ሳሎኑ አልጠራ ቢለኝ የመኝታ ቤቱን ከፈትኩ፣ ቀጥሎ የማዕድ ቤቱን። አልቸኮልኩም። ሁለት ባልዲ ሞላ፣ ሦስተኛው ተጋመሰ። በመጨረሻ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ቀጥ አለ። «ይኸው፣ እዚህም አገር ይጠፋል» ብዬ ብሎኖቹን ዘጋሁና ሻይ ጣድኩ።

ያላወቅኩት፣ ስድስቱም ቤት የሚሞቀው በዚያው በአንድ ጥቁር ውሃ መሆኑን ነው። ኬለር ከሚሉት፣ ከምድር በታች ካለው ክፍል፣ ውሃውን ከሚያሞቀው ማሽን ይነሳል፣ ሕንፃውን ዞሮ ይመለሳል፣ ዓመት ሙሉ ያው ነው። የሚጠራ ውሃ አይደለም። ሲጎድል ማሽኑ ራሱን ያጠፋል።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሙሉ ቀዝቅዞ ነበር። በሬ ተንኳኳ። ሃውስማይስተሩ ነው። ከኋላው የሁለተኛው ፎቅ ነዋሪ፣ የአገሬ ሰው፣ ቆሟል። ቦከንሃይም ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ጀርመንኛው እንደ ውሃ የሚፈስ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ሰው ነው። እንዲያስተረጉም ነው የመጣው። እሱን ሳይ እፎይ አልኩ።

ሃውስማይስተሩ ባልዲዎቹን አየ። አልተቆጣም። ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው ይልዎታል።»

«እስኪጠራ እየጠበቅኩ ነበር በለው።»

ወገኔ ትንሽ አየኝና ተረጎመ። ሲተረጉም ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሃውስማይስተሩ ወደ ደረጃው ወጥቶ ጎረቤቶቹን ጠራ። ካፖርታቸውን እንደደረቡ መጡ። የአንደኛው ፎቅ አሮጊት ብርድ ልብስ ተከናንባለች።

«በአገርዎ ከሃይዙንግ ነው ወይ የሚጠጣው ይላል።»

«እንደሱ እኮ አይደለም ነገሩ፣ እኛ ቦኖ ላይ...»

«ጋሼ፣ አዎ ወይም አይደለም ይበሉት።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለጠበል ነው?» አለና በጀርመንኛም ደገመላቸው። ሳቁ። «ይቺ እንኳ የእሱ አይደለችም፣ የራሴ ናት» አለኝ።

ከዚያ ሃውስማይስተሩ ረጋ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ወገኔ ፊቱን አኮሳትሮ ወደ እኔ ዞረ።

«የወሰዱትን ይመልሱ ይላል። ኬለር ወርደው ማሽኑ ውስጥ ይጨምሩት። ጠብታ እንዳይፈስብዎት ደግሞ፣ ሰው በብርድ እያለቀ ነው።»

አመንኩት። የአገሬ ሰው ነው፣ በዚያ ላይ የተማረ ነው። ሁለቱን ባልዲ በሁለት እጄ አንጠልጥዬ ያንን ሁሉ ደረጃ በዝግታ ወረድኩ። እነሱም ከኋላዬ ወረዱ። ማሽኑ ፊት ቆሜ የሚጨመርበትን አፍ ፈለግኩ። በላይ በጎኑ ዳሰስኩት።

«አፉ የት ነው?» አልኩ።

«ከጀርባው ይሆናል፣ ጋሼ። ጎንበስ ይበሉ።»

ባልዲውን እንደያዝኩ ተንበረከኩ። ጥቁሩ ውሃ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ሳቁ ያን ጊዜ ነው ከደረጃው ላይ የፈነዳው። ማሽኑ አፍ እንደሌለው የገባኝም ያን ጊዜ ነው። ዞር ብዬ ሳየው ወገኔ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

«ሰኞ ለአከራይዋ ደውዬ ያየሁትን እነግራታለሁ ይላል» አለኝ። «ይሄኛው ቀልድ አይደለም።»

ባለቤቴን አሰብኩ። ልጄን አሰብኩ። ተንበርክኬ ስለነበር እዚያው ቀረሁ።

የሃውስማይስተሩ ሚስት በሽርጥና በነጠላ ጫማ ወረደች። በሁለት ዓመት ውስጥ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። በሰዎቹ መሀል አልፋ ባልዲውን ከእጄ ተቀበለችኝና ወለሉ ላይ ካለው የፍሳሽ ቀዳዳ ደፋችው። ሁለተኛውንም ደፋችው። ከግድግዳው የውሃ ጎማ አወረደች፣ አንዱን ጫፍ ከቧንቧው፣ ሌላውን ከማሽኑ በታች ካለው ቱቦ አገጣጠመች። ከዚያ እጄን ይዛ ቧንቧው ላይ አደረገችውና አብረን ከፈትን። ሰዓት የመሰለ መለኪያ በጣቷ አሳየችኝ። ቀስቱ ከቀዩ ተነስቶ አረንጓዴው ላይ ሲደርስ እጄን ጫን አድርጋ አዘጋችኝ። ማሽኑ ተነሣ።

አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሳቁ ቆመ። ሰውዬው በአምስት ደቂቃ ሊያሞቃቸው ሲችል፣ ቲያትር ሊያሳያቸው ብሎ በብርድ እንዳቆማቸው የገባቸው መሰለኝ። አሮጊቷ ለሃውስማይስተሩ አጠር ያለ ነገር ተናገረችው። ወገኔ እሱን አልተረጎመልኝም።

ሰኞ ወረቀቱ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ሮብ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ቴምብር የሌለው ፖስታ አገኘሁ። ወረቀቱ ተፈርሟል። ቆይቶ አሮጊቷ እንደነገረችኝ፣ ባልየው ደውሎ ክፉ ቃል ተናግሮ ነበር። ሚስትየው ግን በማግስቱ በባቡር ሄዳ አከራይዋ ደጅ ቆማ አስፈርማለች።

ዋጋ ከፈለችበት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች በጉልበቷ የምትፈትገው እሷ ሆነች፤ በፊት የባሏ ሥራ ነበር። እሱ ከታች ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል፤ አመዱን እሷ በወለወለችው ላይ ያራግፋል። አንድ ቀን ባልዲውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ጭንቅላቷን ነቀነቀችና በዓይኗ ባሏ ወደቆመበት ወደ ታች አመለከተችኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ወረቀቱ ተፈርሞም ፈሪ ነበርኩ።

ባለቤቴና ልጄ በጸደዩ መጡ። ወገኔ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊል ገብቶ፣ የባለቤቴን ወጥ እየበላ የባልዲውን ነገር ከነትወናው አጫወታቸው። ልጄ ሳቀች። ባለቤቴ እንጀራ እየጨመረችለት፣

«ታዲያ ገና ድፍርስ እያለ መዝጋት ነበረበት?» አለችው።

ወገኔ ወደ ወጡ አጎነበሰ።

ማን ረዳህ ለሚለኝ ስሟን ብጠራ ደስ ባለኝ። አላውቀውም። በራቸው ላይ የተጻፈው የባሏ ብቻ ነበር። እንግዲህ እንዲሁ ልጥራት፤ የሃውስማይስተሩ ሚስት።