እጅ የማይታይበት ጭቃ

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ የፎገራ ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን እናቴ ዐረፈች። ስለዚያ ሰሞን አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ከወረታ ገበያ ስመለስ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያው ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ሰው ቤቱን ሊያስመርግ ጭቃ አስቦክቶ ኖሮ፣ ጭዱ ውስጡ ሲሰነብት የሚያመጣው ያ ኮምጣጣ ሽታ ድንገት ያዘኝና ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ። ልሳፈር የጠራሁት ባለባጃጅ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣ ስለው አንገቱን አውጥቶ «እማማ፣ ዕቃ ጠፋብዎት እንዴ?» አለኝ። «የለም ልጄ፣ ምንም አልጠፋኝ» ብዬ ገባሁ። በጾም ወር የዋሸሁት ውሸት ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ልጅ ሳለሁ ይህ ሽታ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ከደጃችን አይጠፋም ነበር። እናቴ ጎታ ሠሪ ነበረች። እህል የሚከተትበትን፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን የጭቃ ጎታ እንደ እርሷ የሚያቆም በአካባቢያችን ስላልነበረ ከይፋግ ድረስ ሰው እየላኩ ያስጠሯት ነበር። ዋልካውን፣ ጥቁሩን አፈር፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ደባልቃ ውኃ ታጠጣዋለች፤ ሦስት አራት ቀን ካደረ በኋላ እኔና እኅቶቼ ቀሚሳችንን ሰብስበን እንረግጠዋለን። ቀዝቃዛው ጭቃ በእግር ጣቶቻችን መሐል እየሾለከ ሲወጣ እየተሳሳቅን፣ አንዳችን ሌላዋን ለመጣል እየተገፋፋን፣ ፀሐይዋ ሳናውቃት አናታችን ላይ ትደርሳለች። እናቴ አትቆጣም፤ ከጭቃው በእፍኟ አንስታ ትጨብጠውና ዋልካ ያለ ጭድ እንደ በጋ ማሳ ይሰነጠቃል ብላ፣ ጭዱ ያነሰ ከመሰላት ጨምራ እንደገና ታስረግጠናለች።

ጎታው በቀን ከአንድ ስንዝር በላይ አያድግም። የዛሬው ሳይደርቅ የነገው አይጫንበትም። ወገቤን ሲያልፍ ግን የእኔ ሥራ ይጀምራል፤ ከሁሉም ትንሿ እኔ ስለሆንኩ አባቴ በብብቴ ይዞ ያነሣኝና ውስጡ ያስገባኛል። እናቴ ከውጭ ስታለሰልስ እኔ ከውስጥ እከተላታለሁ። እርሷ አትታየኝም፣ እኔም አልታያትም። የእጇ ግፊት ግን እርጥቡን ጭቃ አልፎ መዳፌ ላይ ይሰማኛል፤ ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ስትወጣ ወደ ላይ እከተላለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ እጅ ጨብጫለሁ፤ እንደዚያ ያወቅሁት እጅ ግን የለም። አንድ ቀን ቅዝቃዜው ተስማምቶኝ እዚያው ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ ሲፈልጉኝ ውለው አባቴ አጎንብሶ ቢያየኝ «የዘንድሮው እህላችን ቀድሞ ገባ» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀብኝ።

እናቴ ንግግር አታበዛም ነበር። ግድግዳው ላይ የጣት ምልክት ካየች ማን ነው ብላ አትጠይቅም፤ ጣቷን ውኃ ነክራ ታልፍበታለች፤ ምልክቱም ይጠፋል። «እጅ የታየበት ጭቃ አላለቀም» ትለናለች። ሌላ ትምህርት ስትሰጠን አላስታውስም፤ ያቺኑ አንዲቷን ግን ሁላችንም በአጥንታችን ይዘናታል።

ዓመታት አለፉ፤ አባቴ ዐረፈ፣ እናቴም እኔ ዘንድ መጣች። ጣቶቿን ቁርጥማት አጣመማቸው። ሁለት ዓመት ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስጃት ትንሽ ተፍታተውላት ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት መንገዱን አልቻለችም። በዚያ ኅዳር ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት፣ ባሕር ዳር የቤት ኮርኒስ በጀሶ ከሚያስጌጡ ሰዎች ጋር የምትሠራው የመጨረሻ ልጄ ሰብለ ሰምታ ሐሙስ ዕለት መጣች። ልብሷን በፌስታል፣ ጀሶውን በኬሻ ይዛ ነበር።

ያሰበችውን ነገረችኝ። አያቷ እጃቸውን እርጥብ ጭቃ ላይ ይጫናሉ፤ እርሷ እጁ የተወው ጉድጓድ ውስጥ ጀሶ ታፈስሳለች፤ ጀሶው ሲጠነክር ጭቃው ይነሣል፤ እጁም ከነመስመሩ፣ ከነጥምማቱ ይወጣል። አሠሪዋ የአባቱን እጅ እንዲህ አሠርቶ ሳሎኑ ውስጥ እንዳስቀመጠው ነገረችኝ።

እኔ ፈራሁ። አንደኛ፣ ምስል አትሥሩ የሚለው ትእዛዝ ትዝ አለኝ። ሁለተኛውን ለልጄ አልነገርኳትም፤ እናቴ ገና እየተነፈሰች መታሰቢያ ማዘጋጀት ሞትን ና ግባ ማለት መሰለኝ። የንስሐ አባታችንን ሳልጠይቅ አይሆንም አልኩ። አባ ደግሞ ለተዝካር ይፋግ ሄደው ነበር። ዓርብ ጠበቅን፤ ቅዳሜ ጠበቅን። ሰብለ ከሩዝ ማሳው ዳር ዋልካ ቆፍራ አምጥታ፣ አድቅቃና ነፍታ፣ በሳፋ አቦካችው። እናቴ ከአልጋዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ስታይ ቆየችና፣

«ጭዱስ?» አለች።

«ጭድ የለውም፣ እናና። ጭድ ካለው የእጅዎን መስመር ያበላሽብኛል።»

«ይሰነጠቃላ።»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ለአንድ ሰዓት ጭቃ ይቦካል? ይችን ማን አሳደጋት?» ብላ እኔን አየችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ መጡ። ጸሎት አድርሰው፣ ጠበል ረጭተው፣ ሲወጡ ደጅ ላይ ጠየቅኋቸው። ሳፋውንም፣ ጀሶውንም፣ ልጄንም አዩና «ልትሰግዱለት ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም አባ!»

«እንግዲያስ ምን አስጨነቀሽ ልጄ? ጭቃ ጭቃን ቢነካ እግዜር አይቆጣም» ብለው መቋሚያቸውን አንስተው ሄዱ። ሦስት ቀን ያቆየሁት ነገር በአንዲት ቃል አለቀ።

ከሰዓት በኋላ እናቴን ደግፈን አውጥተን ፀሐይ ላይ፣ ግድግዳው ሥር በትራስ አስደገፍናት። ሰብለ ሳፋውን ጭኗ ላይ አድርጋ የቀኝ እጇን ያዘችላት። እናቴ «ነፍሴ ሳትወጣ እጄን ልትቀብሪው ነው?» ብላ ብትቀልድም አልተቃወመችም፤ ጭቃው ሲነካት እንዲያውም ፊቷ ፈካ። ቀስ ብላ ጫነችው። ሲነሣ፣ የተጣመመው ሌባ ጣቷ፣ ሰፊው አውራ ጣቷ፣ የመዳፏ መስመር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ቀርቶ ነበር። ሰብለ አያቷን ግንባራቸው ላይ ሳመቻቸውና፣ ጀሶ ቶሎ ስለሚጠነክር አስቀድሞ አይበጠበጥም ብላ ወደ ጓሮ ሮጠች።

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እናቴ እጇን የምትታጠብበት ውኃ በጎድጓዳ ሳህን ቀርቦላታል። ጣቷን ነከረች። ሳፋውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና ያ የተጣመመ እጅ፣ ማንኪያ እንኳ መያዝ ያቃተው እጅ፣ ጭቃው ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አለፈ። አየሁ። ደስም አለኝ፤ እንዲህ ስትንቀሳቀስ ካየኋት ሰንብቼ ነበርና። አልከለከልኳትም። ይባስ ብዬ በጣቴ አመልክቼ «ወዲህ ዳሩ ጋ ቀርቶሻል» አልኳት። እርሱንም አለሰለሰችው።

ሰብለ ጀሶውን በጥብጣ ስትመለስ ሳፋው ውስጥ ያለው ጭቃ እንደ መስተዋት ልሙጥ ሆኗል። ቆማ አየችው።

«እናና! ምን አደረጉ?»

«ጨረስኩልሽ» አለች እናቴ።

ሰብለ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ጀሶው በያዘችው ዕቃ ውስጥ ደረቀ። እናቴ ደክሟት ዐይኗን ጨፍና ስለነበር እንደገና እናስጭናት ማለት አልሆነልንም። ነገ ጧት ተባባልን።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈች። ተመስገን፣ አልተጨነቀችም፤ እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

ገናዦቹ አጥበዋት አውራ ጣቶቿን ሊያስሩ ሲሉ ሰብለ መጥታ ጆሮዬ ላይ «እማ፣ አሁንም ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ላስነካው» አለችኝ። ያን እጅ አየሁት። ንጹሕ ነበር፣ ሥራውን ጨርሷል። ከጸሎቱ መሐል አውጥቼ ጭቃ ላስነካው አልቻልኩም። «አይሆንም ልጄ» አልኳት። አልተከራከረችኝም። ከቀብር ስንመለስ ብቻ፣ መንገድ ላይ፣ ፊቷን ወደ ማሳው አዙራ «ሐሙስ ዕለት ብትፈቅጂልኝ ኖሮ» አለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። እውነቷን ነው። ሐሙስ እናቴ ጉልበት ነበራት፤ ቢበላሽ ዓርብ ይደገም ነበር፣ ቅዳሜም ይሠለስ ነበር። እነዚያን ቀኖች የወሰድኩባት እኔ ነኝ።

ለቀስተኛው ሲቀል የእናቴን እጅ በዐይኔ ፈለግሁ። አንድ እንኳ ጎታ አልቀረም፤ አንዳንዱን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባለበሰበት ክረምት ውኃው አሟሟው፤ ሌላው አርጅቶ ፈረሰ፤ ሩዙን ዛሬ ሁሉም በማዳበሪያ ይከተዋል። የመረገችው ግድግዳ አለ፤ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ልሙጥ ነው። ስንቱን ቤት፣ ስንቱን ጎታ የሠራች ሴት፣ እጇ የነካውን ሁሉ አሳምራ በመጨረሷ አንድ ጣቷን እንኳ ትታልን አልሄደችም።

በማግሥቱ ማክሰኞ ጧት ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ ወጣሁ። ሳፋው ግድግዳው ሥር እንደተቀመጠ ነበር። ጭድ ስላልነበረው ዳር ዳሩ ተሰንጥቋል። ውኃ ረጭቼ አሸሁት፣ ደለደልኩት። ከዚያ ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ መልሼ፣ በእግዚአብሔር ስም ብዬ፣ ቀኝ እጄን እስከ አንጓዬ ጫንኩት። ካነሣሁት እንደ እናቴ እንደማለሰልሰው ራሴን አውቃለሁና፣ እጄን ሳላነሣ ልጄን ጀሶውን በጥብጣ እንድትመጣ ጠራኋት።