የእትዬ ጥሩነሽ ቆጣሪ

ልጅ እያለሁ ሥራዬ መቁጠር ነበር። የሰፈራችን ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት መንገድ ላይ ሱዚ ሲዘሉ፣ እኔ በረንዳችን ላይ በርጩማ ስቤ ከጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩነሽ ጉልበት አጠገብ እቀመጥና የዳንቴላቸውን ቀዳዳ እቆጥራለሁ። ዛሬም ሰው ቤት ገብቼ ሶፋ ላይ የተጣለ ዳንቴል ካየሁ፣ ጣቴ ሳላዘው ጠርዙን ይዞ መቁጠር ይጀምራል። ባለቤቶቹ ሙያ ስላለኝ ይመስላቸዋል። እኔም አላርማቸውም።

ቤታችን ኮተቤ፣ ከመምህራን ኮሌጁ ጀርባ ወደ ተራራው በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ እኔም ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ኮሌጁ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ታይፕ ስትመታ ከርማ፣ ቅዳሜ ምሳ ከተበላ በኋላ "አሁን የራሴ ነኝ" ትልና ክሯን ይዛ በረንዳ ላይ ትወጣለች። ወዲያው የሰፈሩ ሴቶች የየራሳቸውን ሥራ በፌስታል ይዘው ይሰበሰባሉ። ጥግ ላይ ሱቅ ያላት ሰዓዳ ሱቁን ለወንድሟ ትታ ትመጣለች። አንዲት አስተማሪ ደግሞ ከዳንቴል ይልቅ ሹራብ ትወድ ስለነበር "ከሀዲዋ" እያሉ ያሾፉባታል። ለገበያ የሚሠራ አልነበረም። ዝም ብለው ይወዱት ነበር፤ ስለ ክር ንጣትና ስለ ኪሮሽ ቅጥነት ብቻ ግማሽ ቀን ማውራት ይችላሉ። ከእንጦጦ በኩል ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚል ነፋስ ይመጣል፤ ከወጥ ቤት ደግሞ የሚፈላ አሚዶ ይሸታል፤ ያለቀ ዳንቴል አሚዶ ካልጠጣ ቀጥ አይልምና። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑ፣ ራዲዮው፣ የውሃ ጆጉ ሳይቀር። አባቴ "ትንሽ ከቆየሁ እኔንም ያለብሱኛል" እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ይጠፋል።

ሁሉንም ያስተማሯቸው እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ሆሳዕና ተወልደው ያደጉ፣ ዳንቴሉንም በልጅነታቸው እዚያው ከሚሲዮን ሴቶች የተማሩ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ጴንጤ ሴት ነበሩ። አዲስ ናሙና የሚመጣው ከእሳቸው ነው። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር የለም፤ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ሰዓዳ "ስንት ጨምሬ ስንት ልዝለል?" ስትላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ ይመልሱላታል። ችግራቸው ዓይናቸው ነበር። ሞራ እየጋረደው ነጭ ክር በነጭ ክር ላይ አልታይ ብሏቸዋል። ጣታቸው ይሠራል፤ የሠራውን ግን ማየት አይችሉም። ስለዚህ ዓይናቸው እኔ ሆንኩ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ክብ ዳንቴል ከመሐል ተነስቶ በዙር በዙር ይሰፋል። የእትዬ ጥሩነሽ ሥራ ዐሥራ ስድስት ቅጠል ነበረው፤ በየዙሩ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ አንድ ቀዳዳ መጨመር አለበት። ካልተጨመረ ጠርዙ ይሰበሰብና ሥራው እንደ ቆብ ይጎብጣል። አንድ ዙር ሲያልቅ ጠርዙን ጉልበቴ ላይ ያስቀምጡልኛል፤ እኔ ቅጠል በቅጠል ቆጥሬ "ልክ ነው" እላለሁ። ይህን ሳልል ወደሚቀጥለው ዙር አይታለፍም። ካልኩ በኋላ ደግሞ ማንም መልሶ አይቆጥርም። የበረንዳው ወግ ነበር፤ የተቆጠረን መልሶ መቁጠር ቆጣሪውን መናቅ ነው። አንድ ጊዜ አስተማሪዋ፣ ሰዓዳ የቆጠረችላትን የሹራብ እጅጌ በድብቅ ስትደግም ተይዛ፣ ሁለቱ ወር ሙሉ ተኮራርፈዋል። እኔ "ልክ ነው" ስል እትዬ ጥሩነሽ በሁለት ጣታቸው ግንባሬን ነካ አድርገው "ዓይንሽ ይባረክ" ይሉኛል።

በዚያ ዓመት የያዙት ሥራ ከሁሉም ትልቁ ነበር። ልጃቸው ራሔል ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው፤ እሳቸውም የኬክ ጠረጴዛዋን ልብስ እየሠሩላት ነበር። በእነሱ ሠርግ ጠላና ጠጅ የለም፤ ስለዚህ የሰው ዓይን የሚያርፈው ኬኩ ላይ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። "ከዚህ በኋላ ትልቅ ሥራ አልጀምርም፤ ትንሽም ብትሆን ብርሃን እያለኝ ይቺን ልጨርስላት" ይሉ ነበር። እንዳይቆሽሽ በትራስ ልብስ ጠቅልለው ስለሚይዙት ውጭ የሚታየው የሚሠራው ጠርዝ ብቻ ነው። ሙሉው ተዘርግቶ ያየው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የዋሸሁበትን ቅዳሜ አስታውሳለሁ። ውጭ ሱዚው ወገብ ላይ ደርሷል፤ ወገብ ላይ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚዘል አልነበረም። ጓደኛዬ በአጥሩ ቀዳዳ አፏን አስገብታ "ነይ እንጂ፣ ልንሸነፍ ነው!" ትለኛለች። ዐሥር ቅጠል ቆጥሬ "ልክ ነው" አልኩና ተነሳሁ። "ዓይንሽ ይባረክ" አሉኝ። ያን ቀን እየዘለልኩ እንኳ ፍርሃት ፍርሃት ይለኝ ነበር። ሳምንቱን ስጠብቅ ግን ምንም አልመጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ቆጠርኩ። በኋላ በኋላማ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ጣቴን በጠርዙ ላይ ማዞር ብቻ ሆነ፤ አንድም ቅጠል አልቆጥርም። ቶሎ እንዳልጨርስ እንኳ እጠነቀቅ ጀመር። መሐል ላይ "ቆይ፣ ጠፋብኝ" ብዬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ የማስመሰሉን ነገር ከዳንቴሉ ይልቅ ተክኜበት ነበር። እትዬ ጥሩነሽ "እንዲህ ያለች ጠንቃቃ ልጅ" እያሉ እናቴ ፊት ያመሰግኑኛል፤ እናቴም ደስ ይላታል።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዳንቴሉ አለቀ። ያን ቅዳሜ አንድም ሴት አልቀረችም። አሚዶው ውስጥ ተነክሮ፣ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ፣ አራት ሆነው ዙሪያውን ይዘው ሳሎናችን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። አልዘረጋ አለ። መሐሉ ብድግ ብሎ ቆመ። በእርጥብ እጃቸው ተጫኑት፣ ተኛ፤ እጃቸውን ሲያነሱ ተነሳ። መጨረሻ ላይ ሰዓዳ "አሚዶው በዝቶ ነው፤ ሲደርቅ ይተኛል" አለች። እንደማይተኛ ግን እሷም ታውቃለች።

እትዬ ጥሩነሽ ዝምታውን ሰሙት። ወደ ጠረጴዛው ተጠግተው በጣታቸው ጫፍ ከመሐል ጀምረው እየዳበሱ ወደ ውጭ ወጡ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ ቀጥለው ሌላ ቦታ ላይ ቆሙ።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ "አንቺ፣ ቆጥረሽላቸዋል አይደል?" አለችኝ።

"ቆጥሬያለሁ" አልኩ።

"ልጅቷን ተዪአት!" አሉ እትዬ ጥሩነሽ። ሲቆጡ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። "እሷ ምን አጠፋች? ሳላስቆጥር ያለፍኩት ዙር አለ ማለት ነው። አንድም አይደል፣ ብዙ ነው። ረስቼዋለሁ።" ጣታቸውን ከጠርዙ ሳያነሱ "እንዴት ረሳሁት?" አሉ። ማንን እንደጠየቁ አላውቅም።

ያኔ "እኔ ነኝ" ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? ከእናቴ አንድ ጥፊ፣ ምናልባት አንድ ወር ከሱዚ መታገድ። እትዬ ጥሩነሽ እንደሆኑ እዚያው ይቅር ይሉኝ ነበር። አላልኩም። ይባስ ብሎ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሌላውን ሁሉ ልጅነት ነው ብዬ ላልፈው እሞክራለሁ፤ ያቺን እፎይታ ግን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሴቶቹ "ተርትረን ተጋግዘን እናድርስልዎ" ብለው ለመኗቸው። ግን ክብ ዳንቴል ተከፋፍለው የሚሠሩት ነገር አይደለም፤ የአንድ ሰው እጅ ይፈልጋል። እትዬ ጥሩነሽ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ሠርጉ ቀን የኬኩ ጠረጴዛ ከመርካቶ የተገዛ ናይለን ለብሶ ነበር። ልብ ብሎ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ ራሔል ትስቃለች፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔ ግን ዓይኔን ከጨርቁ ላይ መንቀል አቃተኝ። ኬኩ ሲደርሰኝ ግን በላሁ፤ ሁለት ቁራጭ።

ከሠርጉ በኋላ እትዬ ጥሩነሽ ጥቂት ቅዳሜ ባዶ እጃቸውን መጥተው ተቀመጡ። አዲስ ናሙና ሲጠይቋቸው "እኔን ተዉኝ፣ አሳስታችኋለሁ" ይላሉ። ወዲያው መምጣቱንም ተዉት። እናቴ እንድጠራቸው ስትልከኝ በራቸው ድረስ እሄድና ሳላንኳኳ ተመልሼ "ራሳቸውን አሟቸዋል" እላት ነበር። እኔ ቅዳሜ ነፃ ወጣሁ። የፈለግኩትን ያህል ሱዚ ዘለልኩ፤ ግን እንደ ድሮው አልጣመኝም።

ኮሌጅ በገባሁ ጊዜ እትዬ ጥሩነሽ መሪ በሚባለው ሰፈር፣ ራሔል ቤት ገብተው ይኖሩ ነበር። አንድ እሑድ ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ የምለውን ስደጋግም ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው፤ ገና ሲያዩኝ "ቆጣሪዬ!" ብለው አቀፉኝ። ሞራው ተገፎላቸው ዓይናቸው ጥርት ብሏል። የሹራቤን ክር ቆንጠር አድርገው "ይሄ ተተርትሯል፣ ስፊው" አሉኝ።

"እትዬ፣ እንዲህ ካዩ ታዲያ ለምን ዳንቴል አይሠሩም?" አልኳቸው።

"ዓይኔማ ዳነ ልጄ። ጭንቅላቴን ነው ማመን ያቃተኝ።" ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። "አንቺን የመሰለች ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ያን ሁሉ ዙር ሳላስቆጥር ዘልዬ አለፍኩ። አንድ ዙር ቢሆን ሰው ነኝ እላለሁ። ያን ሁሉ? ከዚያ ወዲህ በምኑም አልተማመንም።"

ራሔል ሻይ እየቀዳች "ምድጃውን ማጥፋቷን እንኳ ዐሥር ጊዜ ነው የምትጠይቀኝ፤ አጥፍታው እያለ" አለች። ቀልድ አስመስላ ነው የተናገረችው።

ያን ጊዜ ነው ያጠፋሁት ዳንቴል ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። በሚያምኑኝ ሴት ላይ ነው የዋሸሁት፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ከሚጠረጥሩ ራሳቸውን መጠርጠር መረጡ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "እትዬ..." አልኩ።

"ወዬ ልጄ?"

"ስኳሩን ያቀብሉኝ" አልኩ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞቱ። ለቅሶ ደርሼ ከዘመድ እኩል አለቀስኩ፤ ራሔል "እንዴት ትወድሽ እንደነበር" እያለች እኔኑ ታጽናናኝ ነበር።

አሁን የምኖረው የካ አባዶ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ሰባት ሆነን አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። አብዛኞቹ በዕድሜ በብዙ የሚያንሱኝ፣ ሳምንቱ በታክሲ ሰልፍ የሚያልቅባቸው ልጆች ናቸው። ናሙናው ከስልክ ነው የሚመጣው፤ ቪዲዮውን እያቆሙ እየመለሱ ያዩታል። ሲሳሳቱ እየሳቁ ይተረትሩታል። አንዷ የቆጠረችውን ሌላዋ ብትደግመው የሚቀየም የለም። እኔማ የሁሉንም ሥራ ሦስት ሦስት ጊዜ ስለምቆጥር "ኦዲተራችን" ይሉኛል። ያ በረንዳ ይናፍቀኛል፤ የእናቴ ሳቅ፣ የሰዓዳ ጨዋታ፣ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ። መልሶ ያለመቁጠሩ ወግ ግን እንኳንም ቀረ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ አዝናለሁ፤ ወጉ ምንም አላጠፋም። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተማመኑ ነበር፤ በዚያ መተማመን መሐል አላግባብ የገባሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ዳንቴል ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። ስለ እትዬ ጥሩነሽ ነገርኳቸው፤ ናሙናውን ሁሉ ያለ ወረቀት እንዴት ይይዙት እንደነበር፣ ሳያዩ በጣታቸው ብቻ እንዴት ይሠሩ እንደነበር። ሁሉም ሥራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያዳምጡኛል። ለመናገር ከዚያ የተመቸ ቀን አይገኝም፤ የሚቆጣኝ የለ፣ የሚያፍርብኝ የለ።

"እንዲህ ጎበዝ ከነበሩ ታዲያ ለምን ተዉት?" አለችኝ ከሁሉም የምታንሰው።

"ዓይናቸው ደክሞ ነው" አልኳትና፣ አጎንብሼ ሥራዬን ቀጠልኩ።