ከኮምቦልቻ እስከ ገራዶ፣ ውሃ በገባበት ናፍጣ

ንጋት፣ ኮምቦልቻ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነርስ ነበርኩ። ከደሴ ማዶ ገራዶ ላለው የተራቡ ሰዎች መጠለያ የወተት ዱቄት፣ ፋፋና የቁስል ማሸጊያ ጎዝ ይዤ እንድሄድ ታዝዣለሁ። እናቶቹ እኩለ ቀን ላይ ወተት ይደርሳል ተብለው እየጠበቁ ነው። ያኔ ይህን ብጽፈው የሚያትመው ጋዜጣ አይገኝም ነበር፤ አሁን ስጽፈውም ንዴቱ አልበረደልኝም።

ሾፌሩ ጋሽ ይመር ይባላሉ። ጠና ያሉ የቃሉ ሰው ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ፣ ትከሻቸው ላይ ፎጣ፣ እጃቸው ከመሪው ጋር አብሮ ያረጀ። ናፍጣ የቀዳነው በዋዜማው ከመንግሥት ማደያ ነው። ጠባቂው ከበርሜል ሲገለብጥልን ጋሽ ይመር ጎንበስ ብለው አሸተቱና፣

«ይኼ ናፍጣ ምነው ደፈረሰ?» አሉት።

«ካልፈለጉት ይተዉት። ወረፋ የሚጠብቅ ሞልቷል» አላቸው፣ ቀና ብሎም ሳያይ።

ደህናው ናፍጣ በጓሮ በር ወጥቶ ለነጋዴ እንደሚሸጥ፣ የጎደለውም በውሃ እንደሚሞላ ኮምቦልቻ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የሚናገርም አልነበረም።

«ቢስሚላሂ» ብለው ሞተሩን አስነሡ። የቦርከናን ድልድይ ስንሻገር ሙቀቱ ገና አልተነሣም። ከቆላ የመጡ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል፦ አጎዛ ያዘለ፣ ባዶ ቅል ያንጠለጠለች፣ አባቱን በትከሻው የተሸከመ። ሁሉም ፊቱን ወደ ደሴ አዙሯል።

ረፋድ፣ ሐረጎ ዳገት

ዳገቱን እንደጀመርን ሞተሩ ሳል ያዘው። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ትንፍስ ብሎ ጠፋ። መኪናው ወደ ኋላ ሸርተት ሲል ጋሽ ይመር ፍሬኑን ረግጠው፣

«ሲስተር፣ ይውረዱ! ድንጋይ ከጎማው ሥር!» ብለው ጮኹ።

ዘልዬ ወርጄ ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ ወሸቅሁ። ከዚያ እሳቸው ኮፈኑን ከፍተው የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን ፈቱት። የወጣው ውሃ ነው። ከውሃው ጋር ዝገት፣ ከዝገቱ ጋር ንፍጥ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ።

«ይዩት እስቲ! ይኼ ናፍጣ ነው? የቦርከና ውሃ ነው እንጂ! ወላሂ፣ ሰው እህል ላይ አፈር ሲጨምር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።»

ከናፍጣ ማጠራቀሚያው ሥር በጠርሙስ ቀዱና ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያዙት። ውሃው ከታች ተኛ፤ ናፍጣው ከላይ ስስ ሆኖ ቀረ። ጠርሙሱን በጨርቅ ደፍነው ሰጡኝ። «ደሴ ናፍጣ ለሚያድለው ኃላፊ እናሳየው። ዓይን ካለው ያያል።»

ከዚያ በኋላ ጉዟችን ጉዞ አልነበረም። ትንሽ ሄዶ ይጠፋል፤ ፊልትሮውን እናፈሳለን፣ ከናፍጣ ቱቦው አየሩን እናስወጣለን፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ቀድመናቸው የነበሩት እግረኞች ደረሱብን። ምግብ የጫነ መኪና ቆሞ፣ የተራበ ሰው በእግሩ ሲቀድመው አየሁ። አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«መኪናው ደከመው እንዴ ልጄ? በሉ እንግፋላችሁ» አሉና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። አጥንታቸው የሚቆጠር ወንዶች በእርግጥም እጃቸውን ዘረጉ።

ጋሽ ይመር ከሞተሩ ላይ ቀና አሉ። «ኧረ በአላህ! እናንተን ላስገፋ? ይቅር፣ ይቅር፣ አባቴ!» ፊታቸውን በፎጣው ሸፈኑ። እኔ ግን ማልቀስ አልመጣልኝም። ያን የማደያ ጠባቂ አንገቱን ይዤ እዚህ ጥምዝ ላይ ላቆመው ነበር የፈለግሁት።

ቀትር፣ ደሴ

ደሴ ስንገባ እኩለ ቀን አልፏል። ናፍጣ ወደሚያድለው ቢሮ ሄድን። ጠረጴዛው ሰፊ ነው፤ ከጀርባው ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል። በመስኮቱ በኩል አንድ የባለሥልጣን ላንድሮቨር ሲቀዳ ይታያል፤ ጥርት ያለ ናፍጣ።

ጠርሙሱን አስቀመጥኩ። «ጓድ፣ ከኮምቦልቻ የተሰጠን ይኼ ነው። ደህና ናፍጣ ይስጡን፤ ሕፃናት እየጠበቁን ነው።»

ኃላፊው ጠርሙሱን አልነካውም። ጋሽ ይመርን አያቸው። «ውሃውን አንተ አለመጨመርህን በምን አውቃለሁ?»

በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው «አንተ» አላቸው።

«እኔ? መኪናዬን በገዛ እጄ?»

«የኢኮኖሚ አሻጥር የሚሠራ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

ያኔ «አሻጥረኛ» የተባለ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሊቀር ይችል ነበር።

«አሻጥረኛ ከፈለጉ ማደያው ውስጥ ነው» አልኩ። «እሳቸውን ካሰሩ እኔንም ይሰሩኝ። ከዚያ ገራዶ ድረስ ይሂዱና ወተቱ ለምን እንዳልመጣ ለእናቶቹ እርስዎ ይንገሯቸው።»

ተነሣ፣ ጠርሙሱን አነሣ፣ መስኮቱን ከፍቶ ደፋው። «አሁን ምንም የለም። ናፍጣችሁን አጣርታችሁ ሂዱ። ዳግመኛ እዚህ እንዳላያችሁ።»

ጋሽ ይመር ክንዴን ይዘው አወጡኝ። «ይበቃል ልጄ፤ ከሱ ጋር ስንጨቃጨቅ ቀኑ መሸብን።»

ከሰዓት በኋላ፣ ሰኞ ገበያ

እዚያው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጀርባ ካለ የጎማ ጠጋኝ ግቢ ገባን። በርሜል ተዋስን። ማጠራቀሚያውን ከሥሩ ፈትተን ሁሉን ገለበጥንና እንዲረጋ ተውነው። መጠበቁ ነው የገደለኝ። ከአጥሩ ማዶ ሻጭ ይጣራል፣ በርበሬ ይሸታል፣ የአንዲት ዳቦ ዋጋ ሰው ያጣላል፤ እኔ ዝቃጭ እስኪወርድ ቁጭ ብያለሁ።

ከረጋ በኋላ ከላይ ከላዩ በቱቦ እየሳብን ማጣራት ያዝን። የጋሽ ይመር ፎጣ ሳሳ፤ ጥቁሩ ሁሉ ያልፋል። ከጠጋኙ ቤት አንሶላ ለምነን ሞከርን፣ አሁንም አለፈ። ሁለታችንም ዓይናችን ካርቶኑ ላይ አረፈ። የቁስል ጎዙ ላይ።

«አይሆንም፣ ሲስተር፤ እሱ የሰው ነው» አሉ።

«ወተቱም የሰው ነው።»

ካርቶኑን ቀደድኩት። ንጹሑን ጎዝ ደራርቤ የማጠራቀሚያው አፍ ላይ ዘረጋሁ። ነጩ ወዲያው ጠቆረ፤ አውጥቼ ሌላ፣ እሱም ሲጠቁር ሌላ። እያንዳንዱን ስጥል በማግስቱ ሳይታሸግ የሚውል ቁስል ይታየኛል። እረግማለሁ፤ ጠባቂውን፣ ኃላፊውን፣ ቀይ ጨርቁን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ።

የተረፈን ናፍጣ ጥቂት ነው። አጠገባችን የቆመ አንድ የጭነት ሾፌር ዝም ብሎ ሲያየን ቆይቶ ከራሱ ማጠራቀሚያ በጀሪካን ቀድቶ አመጣልን። ስሙን አልነገረንም። «እኔም ነገ ውሃ ይደርሰኝ ይሆናል» ብቻ አለ።

ሞተሩ አንዴ፣ ሁለቴ ተንፈራገጠና ተነሣ። ጋሽ ይመር «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።

ማምሻ፣ ገራዶ

ቁልቁለቱን ስንወርድ ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። እናቶቹ ከጠዋት የያዙትን ሰልፍ አልለቀቁም። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሮጠም። ያ ይብሳል። የሞቀ ውሃ ውስጥ ዱቄቱን በጥብጠን መቅዳት ስንጀምር የሰልፉ ፊት ላይ ያለች፣ ዘሐራ የምትባል ሴት፣ ሴት ልጇን አዝላ ጎንበስ አለችልኝ።

«እንኳን በደህና ገባችሁ። መንገዱ አጎሳቆላችሁ ይሆን?»

የመጠለያው ዘበኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ወንዱ ልጇ ከቀትር በኋላ አረፈ። ቀብረው መመለሳቸው ነው፤ ቦታዋን ሴቶቹ ጠብቀውላት ነው።»

ጭልፋውን አስቀመጥኩ።

«መንገዱ ምንም አላደረገን» አልኳት። «ሰው ነው ያዘገየን።»

ዘሐራ ትክ ብላ አየችኝ። «ሰው?» አለች። «አላህ ይየው።»

ከዚያ ጣሳዋን ዘረጋችልኝ። «ለእሷ ሙዪላት።»