ዋጋ ያልተጻፈበት መስኮት

እናቴን ጣይባን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ቦርሳውን ቤቱ ትቶ ቢመጣ ይሻለዋል። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ሴት ሠራተኞችን ሃያ ስድስት ዓመት ስትፈትሽ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ከሥራ ስትወጪ እጅሽን ወደ ላይ ታነሺላታለሽ፤ እሷ ብብትሽን፣ ወገብሽን፣ የቀሚስሽን ጠርዝ ዳብሳ ትለቅሻለች። እሷ ጡረታ ወጣች እንጂ እጇ አልወጣም። የገዛ ልጇ፣ የእኔ የሰልዋ እንኳ፣ ከገበያ ስገባ ዘንቢሌ ይበረበራል። ለምን ስላት መልሷ አንድ ነው፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር!»

ዘንድሮ ግን ደረቷን ታመመች። ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን መስኮቶቹ የጥንት እንጨት ናቸው፤ ብንዘጋቸው ጨለማ፣ ብንከፍታቸው የደሴ ብርድ። ሐኪሙ «ብርድ አይንካቸው፣ ፀሐይም ያግኙ» አለኝ። ክረምት ሳይገባ መስኮቱ ካልተቀየረ እናቴ ትተርፍልኛለች ብዬ አላምንም ነበር። ፈራሁ። ከኮምቦልቻ ሙንዚር የሚባል የአሉሚኒየም ሠራተኛ አስመጣሁ።

ሙንዚር ሲለካ ዋለ፤ እናቴም ስትከተለው ዋለች። እሱ በሜትር የለካውን እሷ በስንዝሯ ደገመችው። የመስታወቱን ናሙና በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ «ይሄ ለሻይ ብርጭቆም አይሆን» አለችው። በማግስቱ ፕሮፎርማው መጣ። እዚሁ ደሴ ፒያሳ ከጠየቅናቸው ሁለት ቤቶች ያነሰ ዋጋ ነበር፤ እኔ ደስ አለኝ። እሷ መነጽሯን ሰክታ አንዴ አነበበች፣ ሁለቴ አነበበች፣ ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተከለች።

«ሰልዋ፣ ቤታችን ስንት መስኮት አለው?»

«አራት።»

«እዚህ አምስት ይላል።»

እውነቷን ነው። አምስተኛው መስመር ላይ ቁመትና ወርድ ተጽፏል፤ የዋጋው ቦታ ግን ባዶ ነው።

«ይኸውልሽ! ቀብዱን ይወስድና ኋላ ‹አምስተኛውስ?› ይላል። እኔ የማውቀው ሌባ የሚደብቀው ባዶ በሚመስል ቦታ ነው።»

«ኧረ እማ፣ በአላህ! ተሳስቶ ይሆናል።»

«የሚሳሳት ሰው ምነው አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ሲል አይሳሳት?»

ዋጋው የረከሰው ለምን እንደሆነ እኔም ማሰላሰል ጀመርኩ። ደውዬ ሙንዚርን ጠራሁት።

ገና ሳይቀመጥ አፋጠጠችው። «የቱ ነው አምስተኛው? አሳየኝ!»

«ወላሂ፣ እናቴ፣ ላታልልዎ ብዬ አይደለም። ለመንገር ፈርቼዎ ነው» አለ። «ጎረቤትዎ ኡሙሰልማ ናቸው። ስወጣ ጠርተው በግቢያቸው በኩል ያለውን የእናንተን ድፍን መስኮት አስለኩኝ። ‹ይከፈት ፈቅጃለሁ፣ ሒሳቡም የእኔ ነው› አሉኝ። ዋጋውን ለዚያ ነው የተውኩት።»

የኡሙሰልማ ግቢ ከጓዳችን ግድግዳ ይጀምራል። በሰው ግቢ ላይ መስኮት የሚወጣው ባለግቢው ሲፈቅድ ነው፤ እሷ ድሮ ፈቅዳልን ነበር። እኔ ያደግሁት በዚያ መስኮት ጨውም በርበሬም ወሬም ሲያልፍ እያየሁ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ግን እናቴ ለሶላት ውዱእ ሳደርግ አውልቄ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ ያለችው የወርቅ ቀለበት ጠፋ። ሰተት ብላ ሄዳ ኡሙሰልማን «እጅሽን አንሺ!» አለቻት፤ በሰው ፊት ፈተሸቻት። ምንም አላገኘችም። በሳምንቱ እናቴ መስኮቱን በድንጋይና በጭቃ አስደፈነችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ የላቸውም።

«አሁን ምን አስባ ነው?» አልኩ። መጠርጠር ይጋባል መሰለኝ።

«‹ሳሏ በግድግዳው ይሰማኛል፣ እንቅልፍ ነሳኝ› ነው ያሉኝ» አለ ሙንዚር።

እናቴ ተነሥታ ሣጥኗን ከፈተች። የፋብሪካ ካፖርቷን አወጣች፤ እጇን በተቀደደው ኪስ አሳልፋ ገበሩ ውስጥ ከተተችና ቀለበቱን አወጣችው።

«ካገኘሁት ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለች። «የሰው ኪስ ስበረብር ኖሬ የራሴን አላየሁም።»

«ዘጠኝ ዓመት! እማ፣ አታፍሪም?»

«በማፈሬ አይደል ዝም ያልኩት!»

ደሜ ፈላ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቺን ሴት እየጠረጠርኩ በበሯ አልፌያለሁ። እናቴ ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች፤ ሙንዚርና እኔ ተከተልናት።

ኡሙሰልማ በሯን ከፈተች። እናቴ ቀለበቱን በመዳፏ አሳየቻትና ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች።

«ፈትሺኝ» አለች። «ሰውም ይመልከት። እንዳደረግሁሽ አድርጊኝ።»

ኡሙሰልማ ቀረበቻት። «ይብቃ» ልል ነበር። ብብቷን ዳበሰች፣ ጎኗን ዳበሰች፣ ወገቧ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ያ አላህ! ጣይባ፣ አጥንትሽ ብቻ ቀርቷል እኮ!»

የእናቴ እጆች እንደተነሡ ነበሩ። በዚያው አለቀሰች። ኡሙሰልማ እጆቿን ራሷ አወረደችላትና «በይ ግቢ፣ ብርድ ላይ አትቁሚ» አለቻት።

ሙንዚር ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ እንግዲህ ሥራውን እንዴት ላድርገው?»

እናቴ የበሩን ደፍ ተሻግራ ነበር። ዞር ሳትል መለሰችለት።

«ከአምስተኛው ጀምር።»