ሰባት ቁጥርና ስምንት ቁጥር ወንበር

አርሊስ ከቨርሊን ጋር ከተፋታች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ከአጠገቡ ግን አልተነሣችም። ለማጋነን ብዬ አይደለም። የምቀመጠው ከኋላቸው ባለው ረድፍ ስለሆነ የሁለቱንም ማጅራት ከገዛ እጄ በላይ አውቀዋለሁ።

እኛ ነብራስካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ሴቶች መረብ ኳስ የሚታይበት ቋሚ ወንበር በዋዛ አይገኝም። ተራ የያዘ ሰው ሳይደርሰው ይሞታል፤ አባት ከመሬቱ ቀጥሎ ለልጁ የሚያወርሰው ወንበሩን ነው። እኔ ራሴ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ ነው ያገኘሁት። አርሊስና ቨርሊን ግን ወንበሮቻቸውን የያዙት በተጋቡ በዓመቱ፣ አዳራሹ ገና ግማሹ ባዶ በነበረበት ዘመን ነው። ሲፋቱ ዳኛው ማሳውንም ከብቱንም በአንድ ጧት አካፈሏቸው። ወንበሮቹ ጋ ሲደርሱ ግን ሁለቱም እምቢ አሉ። በስንት ጭቅጭቅ ሰባት ቁጥር ለእሷ፣ ስምንት ቁጥር ለእሱ ተባለ። ዳኛው ያላወቁት የትኬት ቢሮውን ደንብ ነው። ወንበሮቹ የተያዙት በአንድ መዝገብ ስለሆነ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሁለቱም አንድ ቅጽ ላይ መፈረም አለባቸው፤ አንዱ ካልፈረመ ሁለቱም ወንበር ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ያሰረውን ፍርድ ቤት ፈታው፤ ፍርድ ቤት የፈታውን ደግሞ የትኬት ቢሮ መልሶ አሰረው።

አርሊስ አጭር ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ አፏ ስል። የከተማችን የኦክ ፎርክ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ለልጆች ምሳ አብስላለች። በልጅነቷ፣ ትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን ባቋቋመበት በመጀመሪያው ዓመት፣ አቀባይ ነበረች፤ ሌሎቹ እንዲመቱ ኳሱን አመቻችታ የምታነሣላቸው እሷ ነበረች ማለት ነው። ያኔ የተሰበረው ትንሹ ጣቷ ዛሬም ቀጥ አይልም። "ሌሎቹ መቱ፣ ተጨበጨበላቸው፤ እኔ ጣቴን አጣሁ" ትላለች።

ከሦስት ዓመት ወዲህ አንድ አመል አወጣች። ጨዋታው ሲጀመር ወደ ቨርሊን ጆሮ ጠጋ ትልና እስኪያልቅ ድረስ ትነዘንዘዋለች። "ግራ ላይ ሰጠቻት፣ አየህ? አሥራ አንድ ቁጥር ዘለለች፣ መታች፣ ወጣባት! እንዲህ ይመታል? አሁን ደግሞ ረጅሟ ገባች።" እሱ አንገቱን ከመነቅነቅ በቀር አይመልስላትም። እኔም ከጎኔ ለሚቀመጠው ለድዌን፣ "ይቺ ሴትዮ ፈትታውም አላረፈችለት" እያልኩ አማት ነበር። ድዌን ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ የእያንዳንዷን ልጅ ምትና ስሕተት በደብተሩ ይመዘግባል።

ባለፈው ጥር የአርሊስና የቨርሊን ልጅ ሼላ በባሕር ጠረፍ ካለችው ከኦሪገን ደወለች። መንታ ወልዳለች፤ ባሏ የመርከብ ሠራተኛ ስለሆነ ወሩን ሙሉ ከቤት ይጠፋል። ከቤቷ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለእናቷ ቀለም አስቀብታ እየጠበቀቻት ነው። አርሊስ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር።

"ሰኔ ላይ እሄዳለሁ፤ በቃኝ፣ ኮሊን" አለችኝ። "ይሄን ሁሉ ዕድሜ ኖሬ ባሕር አይቼ አላውቅም እኮ።"

እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም። "ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው" ስትል ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። አንድ ዓመት "ያቺ አቀባይ እስክትመረቅ" አለች፤ በዓመቱ ደግሞ "አዲሷን ልያትና"። የሚቀጥለው ዓመት የሚሉት በሽታ ያልያዘው ሰው እኛ ዘንድ የለም። ግን በዚህ ጊዜ ቤቷ ደጃፍ ላይ የሚሸጥ ቤት የሚል ሰሌዳ አቆመች። እኔም ቀስ በቀስ አመንኩ፤ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

ቡድናችን በየጸደዩ ወደ አንድ ትንሽ ከተማ ወርዶ በትምህርት ቤት አዳራሽ የወዳጅነት ጨዋታ ያደርጋል። ዘንድሮ ዕድሉ የኦክ ፎርክ ሆነ። ገበሬው ዘሩን ትቶ መጣ። የአዳራሹ መቀመጫ ቁጥር የሌለው የእንጨት ደረጃ ነው፤ ሰው ባሻው ቦታ መቀመጥ ይችላል። እኛ ግን አርሊስ በግራ፣ ቨርሊን በቀኝ፣ እኔና ድዌን ከኋላቸው ሆነን ተደረደርን። ማንም አላዘዘንም።

"እንግዲህ አቀባያችን ተመረቀች" አለ ድዌን ደብተሩን ገልጦ። "አለቀልን።"

"አንተ ያላለቀልህ ዓመት አለ?" አለችው አርሊስ። "አምናም አለቀልን ብለህ ስንት ተሸነፍን? ሁለት!"

"እሱ ዕድል ነው።"

"በል ዕድልህን ደብተርህ ላይ ጻፈው።"

"የቴክሳሷ ልጅ መጥታለች እኮ" አልኩ እኔ። "አዲሷ አቀባይ። በር ስትገባ ጎንበስ ማለት አለባት።"

"ቁመት ምን ያደርጋል? አቀባይ በእግሯ ነው። እስቲ እዪያት፣ ኳሱ ሥር ሳትደርስ እጇን ትሰነዝራለች። እስከ ነሐሴ ካልታረመች ጥቅምት ላይ አብረን ነው የምናለቅሰው።"

"አንቺ ምን አስለቀሰሽ? ጥቅምት ላይ ባሕር ዳርቻ ነሽ" አላት ድዌን።

አርሊስ ሳቀች፤ ቨርሊን ግን አልሳቀም። ልጆቹ ገና እያሟሟቁ ስለነበር ምግብ ልታመጣ ተነሣች። የሚሸጠው ጎመንና ሥጋ የተሞላ ትኩስ ዳቦ ነው፤ የሚሸጥበትም የድሮ ወጥ ቤቷ መስኮት ስለሆነ የቀድሞ ባልደረቦቿ በወሬ ያዟት። ድዌን የቨርሊንን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

"አንተስ ሰውዬ? የሚቀጥለው ዓመት የማን ነው?"

በዚህ መሐል አንድ ኳስ ወለሉን ሲመታ አዳራሹ ጮኸ። ቨርሊን አገጩን ወደ ድምፁ አዞረ።

"የአሥራ አራት ቁጥር ነዋ" አለ። "አሁን ስትመታ አላያችኋትም? አምና እንዲህ አትዘልም ነበር።"

አሥራ አራት ቁጥር ጉልበቷ ታስሮ፣ ክራንቿን አጠገቧ አስደግፋ፣ ፊት ለፊታችን ተጠባባቂዎቹ መሐል ተቀምጣለች።

"ቨርሊን፣" አለ ድዌን መነጽሩን እያወለቀ፣ "አሥራ አራት ቁጥር እኮ…"

"እኔ ነኝ ያሳሳትኩት!" አርሊስ ዳቦዎቹን እንደያዘች ከጀርባችን ደረሰች። ትንፋሽ አጥሯታል። "ቅድም አሥራ አራት ናት ያልኩት እኔ ነኝ። ምን ነካኝ? አረጀሁ መሰለኝ።"

ድዌን በሳቅ ፈነዳ። "አርሊስ ተሳሳተች! ተጫዋች ለየሁ ብላ ክራንች የያዘችውን! ኧረ ይሄማ ይመዝገብ!" እውነትም መዘገበው። ወሬው ደረጃውን ወረደ፤ ሰው እየዞረ አያት። በሕይወቷ አንዲት ልጅ ከሌላ አምታታ የማታውቀዋ ሴት አብራቸው ሳቀች፤ ከማንም በላይ ጮክ ብላ ሳቀች።

እኔ የማየው ቨርሊንን ነበር። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል። አርሊስ ዳቦውን ስትዘረጋለት እጁ አጠገቡ ሄዶ ባዶ አየር ጨበጠ። መዳፉን ይዛ ከፈተችውና ዳቦውን አስቀመጠችበት። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ጀመረች። "አራት ቁጥር ኳሱን ልታስጀምር ነው። ቀሚስ የለበሰች ሕፃን ሜዳው ውስጥ ገብታ እናቷ አወጣቻት። አሁን ወረወረችው…"

ሦስት ዓመት ሙሉ ንዝንዝ የመሰለኝ ለካ ይህ ነበር፤ ዓይኑ የማያየውን ነበር የምትነግረው። ሁልጊዜ መኪናውን እሷ የምትነዳው፣ እሱ ሰላም የሚለን ድምፃችንን ከሰማ በኋላ የሆነው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። በጣም አፈርኩ። ሳማት የኖርኩት በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነው።

ጨዋታው አልቆ ስንወጣ ድዌን ቀድሞን ሄደ። መኪናው ጋ ስንደርስ ቨርሊን ከደረት ኪሱ ቅጹን አወጣ። ሰኞ ቢሮው መድረስ አለበት። ከመታጠፉ ብዛት ጠርዙ አልቋል።

"አትፈርሚ" አላት። እኔ መኖሬን ያውቃል፤ ግን ግድ አልሰጠውም። "ሂጂ። እኔ በሬዲዮ እሰማለሁ።"

"የሬዲዮው ሰውዬ ነጥብ ነው የሚነግርህ፤ ማን ምን ሆነች አይልህም።"

"ይበቃኛል።"

"አይበቃህም። ደግሞ ከቤት ምን ያወጣሃል? ግድግዳ ላይ አፍጥጠህ ልትውል ነው?"

ቨርሊን እጁን ከፍ አድርጎ የመኪናውን ጠርዝ ያዘ። "መንታዎቹን እዪልኝ" አላት። "በስልክ ትነግሪኛለሽ። አንቺ ስትነግሪኝ ይታየኛል።"

አርሊስ ቅጹን ተቀብላ ብዙ አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ማወቄንም አውቃለች። "ፈርመሽ ሂጂ፤ ከእኔ አፍ እስከ ቨርሊን ጆሮ አንድ ስንዝር ነው፤ እኔ እነግረዋለሁ" ማለት ብቻ ነበር። ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ ደንቡም አይከለክልም። ምላሴ ተሳሰረ ብል ውሸት ነው። አስቤበታለሁ። በየጨዋታው ሁለት ሰዓት ተኩል ያለማቋረጥ ማውራት እንዳለብኝ አሰብኩ፤ ስናወራ ደግሞ ኳሱ ያልፋል። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ወንበር ነው። የቴክሳሷን ልጅ በሰላም፣ ለራሴ ብቻ ማየት አማረኝ።

ዝም አልኩ። ጠበቀችኝ፤ ያም ሆኖ ዝም አልኩ።

"እስክሪብቶ አለሽ?" አለችኝ በመጨረሻ።

ሃያ ስድስት ዓመት ፖስታ ሳድል ስለኖርኩ እስክሪብቶ ከኪሴ አይጠፋም። ሰጠኋት። መኪናው ላይ ተደግፋ ፈረመች። ቀጥላ የቨርሊንን እጅ በዚያች በጎበጠች ጣቷ እየመራች መስመሩ ላይ አደረሰችው፤ እሱም ቀስ ብሎ ፈረመ።

"ሼላንስ ምን ትያታለሽ?" አልኳት። ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ።

"የሚቀጥለው ዓመት እላታለኋ።"

መኪናው ውስጥ አስገባችው፤ ቀበቶውን አሰረችለት። ቨርሊን፣ "የቴክሳሷ ልጅ ምን ትመስላለች?" ሲላት ሰማሁ። አርሊስ በሩን ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ተመልሳ መጥታ እስክሪብቶዬን ሰጠችኝ።

"አመሰግናለሁ፣ ኮሊን" አለችኝ።