ስድስተኛዋ መስመር

እኔ የማላውቀው ሙያ የለም። ያስተማረኝ ሰውም የለም። ይቺን የኋለኛዋን ነገር ሚስቴ ሁልጊዜ ታስታውሰኛለች። ቂርያት ማላኪ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ቤታችን የቧንቧውም፣ የመብራቱም፣ የበሩም ሐኪም እኔ ነኝ። ቧንቧው ካከምኩት ጀምሮ ያንጠባጥባል፤ ግን በሕይወት አለ።

ታዲያ አንድ ቀን ሴት ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከያቭኔ ከተማ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ተባለ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ጨርሰዋል፤ የሠርግ አዳራሽ ሳይቀር አይተዋል። የልጁ ቤተሰብ ግን ደንብ አክባሪ ነው። በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዘመድ አለመሆናችን ካልታወቀ ሠርግ የለም።

"አባ፣ ያን ቀን ብቻ ትንሽ ዝም በል፤ ቤሰደር?" አለችኝ ልጄ።

"ቤሰደር፣ እሺ" አልኳት። ዝም እንደማልል ሁለታችንም እናውቃለን።

ሚስቴ ደግሞ ሳሎኑን አየችና "ግድግዳው ቆሽሿል፤ ጸባዒ እንጥራ" አለች። ጸባዒ በዕብራይስጥ ቀለም ቀቢ ነው።

"ጸባይማ አለኝ፤ ሌላ ምን ያስጠራናል?"

"አንተ ሰውዬ፣ የልጁ አባት እኮ ራሱ ጸባዒ ነው። ያቭኔ ላይ ያልቀባው ፎቅ የለም ይላሉ።"

ይሄን ባትነግረኝ ኖሮ ነጭ ቀብቼ እተወው ነበር። ዕድሜ ልኩን ነጭ ሲቀባ ለኖረ ሰው ነጭ ግድግዳ ምኑ ነው? መስመር አማረኝ። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ከጥግ እስከ ጥግ የተጋደመ መስመር። ሚስቴ "አላዋቂ ሳሚ..." ብላ ጀመረችና ተረቱን ሳትጨርስ ተወችው።

ቀለም ልገዛ ጌዴራ ሄድኩ። ሻጩ "ፔሌስ አለህ?" አለኝ። ፔሌስ ያቺ ውሃ ልክ የምንላት ናት፤ ውስጧ አረፋ እየተንሸራተተ ቀጥ ማለት አለማለትህን የምታሳብቀው። በጣቴ ዓይኔን አሳየሁት።

"ይሄው ፔሌሴ! ስንት ዓመት ሙሉ ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስደረድር አንድ ሳጥን አጣምሜ አላውቅም።"

ሻጩ ሳቀ። አድንቆኝ መሰለኝ።

በየቀኑ ከሥራ ስመለስ አንድ ሁለት መስመር እሠራለሁ። ከላይና ከታች የወረቀት ፕላስተር እለጥፍና መሃሉን እቀባለሁ። አምስቱን ከታች ወደ ላይ በሜትር እየለካሁ ሠራሁ፤ አምስቱም እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። የተበላሸሁት ያኔ ነው። አምስት ጊዜ የቀናው ሰው ሜትር ምን ያደርግለታል? ስድስተኛዋን በዓይኔ ለጠፍኳት። ሰባተኛዋን ስሠራ ሚስቴ ሜትሩን ራሷ ይዛ ስለቆመች መስመሯ በልክ ወጣች። ስምንተኛም አስቤ ነበር፤ ቀለሙ አለቀ።

ዓርብ ጠዋት፣ እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ሰዓት ሲቀር፣ ፕላስተሩን ላጥኩት። ስድስተኛዋ ከግራ ጥግ በክብር ትነሣለች። ከዚያ ትዘቀዝቃለች፣ ትዘቀዝቃለች፣ ቀኝ ጥግ ስትደርስ አምስተኛዋ ላይ ድፍት! ጓደኛው ደግፎ ወደ ቤት የሚወስደው ሰካራም ነው የምትመስለው።

ሚስቴ አየቻት። ከበረንዳ ሰው የሚያክል የፕላስቲክ ዛፍ ጎትታ አመጣችና ቀኙ ጥግ ላይ ገተረችው።

"ከዚህ ዛፍ አጠገብ እንዳትነቃነቅ!"

ሁለት ሆነው መጡ፤ የልጁ አባትና ዱላ የያዙ ታላቅ አጎቱ። የልጁ አባት ብዙ አይናገርም። ሳይቀመጥ ግድግዳውን አየ፤ ዛፉን አየ፤ እኔን አየ። ሽማግሌው ግን መስመሮቹን ከግራ ጥግ በዱላቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ።

"ሰባት! ለዚሁ ለቤት ቆጠራው ብለህ ነው እንዴ?"

ቀለም አልቆብኝ ነው ማለት ይቻል ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። "እንዴታ አባቴ! በቃል ብቻ ከሚቆጠር በዓይንም ይታይ ብዬ ነው እንጂ!"

ልጄ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ግንባሯን ያዘች።

"የዛሬ ሰው እንዲህ ያስባል!" አሉ ሽማግሌው በደስታ። "በል፣ ግራው የኛ፣ ቀኙ የናንተ ይሁን።" ከታች ጀምረው በየመስመሩ አንድ አንድ አባት እየጠሩ የልጁን ሰባት ቤት ወጡት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እኔም ጀመርኩ፤ አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ። አምስት ድረስ እንደ ውሃ ወረደልኝ። ስድስተኛው ላይ ዓይኔ ዛፉ ላይ ቀረ። ስሙ ጠፋኝ።

"ስድስተኛው ማን ነው?" አሉና ቅጠሉን በዱላቸው ገለጥ አደረጉት። "ምነው? እዚህ ስድስት ብቻ ነው! አንዱ ቤት የት ገባ?"

ቅጠሉን ወደ ቦታው ልመልስ እጄን ሰደድኩ።

"ልጄ፣ ሰው አባቱን የሚዘለው የሚደብቀው ዝምድና ሲኖር ነው" አሉኝ ሽማግሌው።

የልጁ አባት ከወንበሩ ቀና አለ። ልጄ ዓይኗ እንባ ሞላ። በሕይወቴ ዝም በል ተብዬ መናገር የነበረብኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

"አባቴ፣ የደበቅኩት ሰው የለም። የደበቅኩት መስመር ነው። በዓይኔ ሠርቼ ጠመመችብኝ። ሰባት የሆኑትም ቀለም አልቆ ነው። እኔ ቀለም መቀባት አላውቅም። ስሙንም ደንግጬ ረሳሁት።"

ልጄ ስልኳን አወጣች። ለካ ባለፈው ሳምንት የነገርኳትን የአባቶቼን ስም ሁሉ በዕብራይስጥ ፊደል ጽፋ ይዛለች። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን አነበበችላቸው፤ ስሞቹን እንደ መስመሬ አጣመመቻቸው እንጂ አልዘለለችም። ሽማግሌው እያቃኑ ደገሙላት፤ በጣታቸው ቆጠሩ፤ አመሳከሩ።

"አንገናኝም" አሉ በመጨረሻ። "ልጆቹ ይጋቡ።"

ያኔ ነው የልጁ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው። "እኔማ ያቺን መስመር ከበር ስገባ አይቻት ነበር። አማቼ ሊሆን ነው፣ ምን ልበለው ብዬ ነው እንጂ።"

በሳምንቱ ነጭ ቀለምና ፔሌስ ይዞ ሊያቃናልን መጣ። ፔሌሱን ስድስተኛዋ ላይ ቢያስቀምጠው አረፋው ሸሽቶ ጥግ ገባ። ብሩሹን ሲያነሣ ሚስቴ እጁን ያዘችው።

"ተዋት! ይሄ ሰውዬ 'አላውቅም' ሲል የሰማሁት በሷ ምክንያት ብቻ ነው።"

ፔሌሱን ለኔ ሰጥቶኝ ሄደ። ለዓይኔ ስድብ ነው፤ ግን ተቀበልኩት። ልጄ አሁን ጌዴራ ቤት ተከራይታለች፤ መኝታ ቤቱን መስመር በመስመር ማድረግ አማራት። የጠራችው አማቷን ነው። እኔን የጠራችኝ መሰላል እንድይዝ ነው።

ግን እንደኔ መሰላል የሚይዝ ሰው አሳዩኝ!